«አሮጌ ሞተር ገንዘብ መቅበሪያ ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «አሮጌ ሞተር ገንዘብ መቅበሪያ ነው» የሚል ጽሑፍ አዳማ ውስጥ ሞተር በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ከርሟል። ነገሩ የተነሣው ያማሃ ዲቲ 125 ከተባለ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆሟል። አንድ ወጣት ሊገዛው አሰበና ጸሐፊውን አማከረ። እሳቸውም «ተወው» አሉት። ከዚያ ምክሩን አስፍተው ለሁላችንም ጻፉት።

ጽሑፉ ስድስት ነገር ይላል። ለዓመታት የቆመ ሞተር የሞተ ነው። መለዋወጫ አይገኝለትም። የሚነካው መካኒክ የለም። ለማደሻ በሚወጣው ብር አዲስ ይገዛል። ጭሱ ከተማውን ይበክላል። በመጨረሻም አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው የሚገዛው ትዝታ ነው። ስለ ሊብሬ ደግሞ «ወረቀቱንም ማየት ጥሩ ነው» ብለው በአንድ መስመር አልፈዋል።

ጸሐፊው የሚከበሩ ሰው ናቸው። የወጣቱ ገንዘብ እንዳይባክን አስበው እንደጻፉም አምናለሁ። ግን ሊድን የሚችል ሞተር በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ለቆራሌ ሲሸጥ ማየት አልፈልግም። ዲቲውንም ሄጄ አይቼዋለሁ። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

«ለዓመታት የቆመ ሞተር የሞተ ነው»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። ጸሐፊው «ቆሟል» ካሉ በኋላ ለምን እንደቆመ አልጠየቁም። ከሻጭ ጋር ስነጋገር እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው። እየሠራ ነው የቆመው ወይስ ተበላሽቶ? ባለቤቱ ታሞ፣ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ወይም መኪና ገዝቶ የቆመ ሞተር ተስፋ አለው። ፒስተኑ መንገድ ላይ ነክሶ (ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ)፣ ተገፍቶ ቤት ገብቶ የቆመ ሞተር ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱም በአቧራ ተሸፍነው ስታዩአቸው አንድ ይመስላሉ።

የዲቲ 125 ሞተር ቱ ስትሮክ ነው፤ ማለትም ፒስተኑ በወጣ በወረደ ቁጥር የሚያቀጣጥል ነው። እንደ ፎር ስትሮክ ያለ ቫልቭ የለውም። ካምሻፍት የለውም። የሞተሩ ልብ ፒስተን፣ ኮሎ (የሚሽከረከረው ዘንግ) እና ሁለቱን የሚያያይዘው ቢዬላ ናቸው። ስለዚህ ቆሞ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ጥቂትና የታወቀ ነው። ግቢው ድረስ ሄዶ ማየት ይቻላል። በግምት መፍረድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ኪኩን (የማስነሻውን ፔዳል) በእጅ ወደ ታች መግፋት ነው። በእግር አይደለም፤ በእጅ። ካልወረደ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ተጣብቆ ይሆናል። ይህም ቢሆን ሞት አይደለም። ካንዴላውን (እሳት የሚለኩሰውን) ፈትታችሁ በቀዳዳው የካምቢዮ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ለጥቂት ቀናት ተዉት። ከዚያ ትልቁን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያላችሁ ነቅንቁት። ብዙ ጊዜ ይለቃል። በመዶሻ ሊመታው የሚነሣ ሰው ካለ ግን አስቁሙት። ኪኩ ላይ በሙሉ ክብደቱ የሚቆም ሰውም ያው ነው፤ የኪኩን ጥርስ ሰብሮ ይሄዳል።

ፍራንኮ ያለው ዲቲ እዚህ ደረጃ ላይም አልደረሰም። ኪኩ ይወርዳል። ጣቴን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ይዤ ስሞክረው ገፍቶ አስለቀቀኝ። ይህን ግፊት (ኮምፕሬሽን) በመለኪያ የሚሞክር ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ 18 በመቶ ያንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 100 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው «ይህ ሞተር አልቋል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያለቀው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ ነው የቀነሰው።

ሞተር ቆሞ ሲኖር ከብረቱ ይልቅ ከጎማ የተሠሩት ክፍሎቹ ናቸው የሚጎዱት። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር። ኮሎው በግራና በቀኝ ኦይል ሲል (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያሽግ ቀለበት) አለው። ሁለቱም ጎማ ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። የግራው፣ ማለትም ከማግኔቱ ጀርባ ያለው፣ ከለቀቀ ሞተሩ ያልታሰበ አየር ይስባል። ቤንዚኑ ያንሰዋል። ይግላል። መጨረሻው ፒስተን መንከስ ነው። የቀኙ ከለቀቀ ደግሞ ከማርሽ ሳጥኑ ዘይት እየሳበ ነጭ ወፍራም ጭስ ያወጣል። ስለዚህ ለዓመታት የቆመ ቱ ስትሮክ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ቢነሣም፣ እነዚህ ሁለት ሲሎች ሳይለወጡ ረጅም መንገድ መያዝ የለበትም። የብዙ ሰው ልብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ተነሣ ተብሎ ይጨፈራል። በደስታ እስከ ሞጆ ይነዳል። ሲመለስ በፒክአፕ ተጭኖ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የደረቀ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፤ ተፈትቶ ይታጠባል። የቤንዚን ታንከሩ ውስጡ ይዝጋል። የሎሚ አሲድ በሙቅ ውኃ በጥብጦ አሳድሮ፣ በሶዳ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ ዘይት መቀባት በቂ ነው። ቀዳዳ ካለው ግን በደንብ እዩት። ብየዳ ከመነሳቱ በፊት ታንከሩ ከቤንዚን ትነት ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለበት። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የአዳማ ደረቅ አየር ለብረት ደግ ነው። ክፉው አቧራው ነው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አፈራችን የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ደቃቅ አፈር ነው። ነፋሱንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለብን ለዚህ ነው። የአየር ማጣሪያው ወጥቶ «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ በባዶ ሲነዳ የኖረ ሞተር ካጋጠማችሁ፣ ሲሊንደሩን በአሸዋ ወረቀት እንደተፋቀ ቁጠሩት። የማጣሪያውን ሳጥን ከፍታችሁ ሳታዩ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ።

«መለዋወጫ አይገኝለትም»

ጸሐፊው ሁለት ሱቅ ገብተው «የዲቲ መለዋወጫ አለ?» ብለው ጠየቁ። የለም ተባሉ። ጉዳዩን እዚያ ላይ ዘጉት።

አሮጌ ሞተር የሚያድስ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። በቁጥር ነው የሚጠይቀው። ኩሽኔታ ስትፈቱ ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። 6203 ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ የማንም ማሽን ላይ ይግባ፣ መጠኑ ያው ነው። የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። የውኃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥም ይገኛል። ኦይል ሲልም እንዲሁ ነው። ውስጡ፣ ውጪውና ውፍረቱ ጎማው ላይ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሱቁ ስለ ዲቲ ሰምቶ ባያውቅም ይሰጣችኋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ለኮሎ የሚሆነው ሲል ሙቀትና ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት። የውኃ ፓምፕ ሲል መጠኑ ቢገጥምም ቶሎ ያልቃል።

ካቴናው (ሰንሰለቱ) 428 የሚባለው ነው። ዛሬም በብዙ የህንድና የቻይና ሞተሮች ላይ ያለው ይኸው ነው። የፊት ጎማው 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። ለኮረኮንች መንገድ የተሠሩ የቻይና ሞተሮችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። ለምሳሌ 2318 ካለ በፈረንጆች 2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ፣ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው። የፍሪሲዮን ገመድ ልክ ተሰጥቶ ይሠራል። የፍሬን ሸራ ይለጠፋል። ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ከጥሩ ወረቀት ተቀርጾ ይወጣል። ካርቡሬተሩ ጨርሶ ካለቀ ሚኩኒ የተባለውን የጃፓን ካርቡሬተር አሠራር የተከተሉ የቻይና ካርቡሬተሮች አሉ።

ፒስተንስ? እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የዲቲ 125 ፒስተን ከፋብሪካ ሲወጣ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ በጥቂቱ ይሰፋና ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባበታል። ደረጃው በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመረ እስከ 1.00 ይሄዳል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሣ ፒስተኑ አናት ላይ ቁጥር ታያላችሁ። ምንም ቁጥር ከሌለው ወይም 0.25 ከሆነ ሲሊንደሩ ገና ብዙ ዕድሜ አለው። 1.00 ካነበባችሁ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ቀጣዩ ሥራ አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደር የውስጥ ሽፋን) በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫ ማሽን፣ ማስገባት ነው። ይህም ይቻላል፤ ግን ዋጋ ላይ ስትደራደሩ መግባት አለበት። ሻጩ ቴስታታውን አላስፈታም ካለ ሁልጊዜ የከፋውን ገምቱ።

አዳማ ያላገኛችሁትን አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ታገኙታላችሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

የማይገኘውን ደግሞ በሐቅ ልናገር። ታንከር፣ የጎን ሽፋን፣ ሰዓቱ፣ የፊት መብራቱ ክብ ቤት፣ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው)። እነዚህ የዲቲ ብቻ ናቸው። ከሌላ ሞተር አይገጥሙም። የተሰበረ ነገር ይጠገናል። የሌለ ነገር ግን ዓመት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የዕድሜን ጉዳይ ወደ ጎን ትታችሁ ሙሉ መሆኑን እዩ። ዝጎ፣ ቆሽሾ፣ ግን አንድም ብሎን ያልጎደለው ሞተር ተቀብቶ ከሚያብረቀርቅ ጎደሎ ሞተር ይሻላል። የፍራንኮው ዲቲ የጎደለው አንድ ፍሬቻና የግራው መስታወት ብቻ ነው። ሴላው ተቀዷል፤ ያንን ማንኛውም ወንበር ሰፊ ይሠራዋል። ጸሐፊው ይህን ሳይዘረዝሩ «አይገኝለትም» ማለታቸው ልክ አልነበረም።

«የሚነካው መካኒክ የለም»

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ቦክሰር የሚባለውን የህንድ ሞተር ብቻ እየፈታ ያደገ ልጅ ቱ ስትሮክ ላያውቅ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን አዳማ የብረት ሥራ ያደገባት ከተማ ናት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የትራክተር መገጣጠሚያ እዚሁ ተተክሎ ነበር። በእነዚህ ወርክሾፖች ያለፉ ሰዎች ቶርኖ ቤትና ጋራዥ ከፍተው ልጆች አስተምረዋል። ሲሊንደሮቼን የሚያሰፉልኝ ጋሼ የወንጂ ወርክሾፕ ልጅ ናቸው። ፒስተኑን ሳይቀበሉ ሲሊንደሩን አይነኩም። መጀመሪያ ፒስተኑን በማይክሮ ሜትር ይለኩታል፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ለእሱ ልክ ያሰፉለታል። እንዲህ ያለ ሰው ከተማ ውስጥ እያለ «መካኒክ የለም» አይባልም። ቶርኖ ቤት ስትመርጡ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ፒስተኑን ሳያይ «አምጣው፣ አሰፋልሃለሁ» ካላችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

«ለማደሻ በሚወጣው ብር አዲስ ይገዛል»

የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው። ግማሹን እቀበላለሁ።

ሞተሩ እንጀራችሁ ከሆነ፣ ዕቃ የምታደርሱበት ወይም ጠዋት ማታ ሰው የምታመላልሱበት ከሆነ፣ አሮጌ ሞተር አትግዙ። አዲስ ወይም ብዙም ያልተነዳ ቦክሰር ግዙ። መለዋወጫው በየሰፈሩ አለ። ቤንዚን ይቆጥባል። ሠርቶ ማደር ያለበት ሰው ሞተሩ ለሲል ፍለጋ ሳምንት ሲቆም መታገሥ አይችልም። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ያ ወጣት ግን ተቀጣሪ ነው። ወደ ሥራው የሚሄደው በታክሲ ነው። የፈለገው በትርፍ ጊዜው የሚሠራውና ቅዳሜና እሑድ የሚነዳው ሞተር ነው። ለእሱ የተሠራው ሒሳብ ሌላ መሆን ነበረበት። ጸሐፊው ሙሉ ቀለም፣ አዲስ ሴላ፣ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ኒኬል፣ ሁለት ጎማ፣ ሙሉ የሞተር ሥራ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ደምረው ከአዲስ ቦክሰር ጋር አነጻጸሩት። ማንም ሰው አሮጌ ሞተር እንዲህ አያድስም። ማስኬድና ማሳመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መጀመሪያ የሚሠራው ለሕይወት የሚያስፈልገው ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ካቴና፣ ገመዶች። ቀጥሎ የሞተሩ ሲሎችና ካርቡሬተሩ። ቀለም የመጨረሻው ነው። እንዲያውም የፋብሪካው ቀለም ቢደበዝዝም ካለ ባይነካ ይሻላል። አንዴ ተፍቆ ከጠፋ አይመለስም።

ዋጋ ላይ እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። በደህና ሁኔታ የሚሄድ ተመሳሳይ ዲቲ ከተማው ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። የምታስጠግኑትን ሁሉ በወረቀት ጻፉና ዋጋውን ከዚያ ላይ ቀንሱ። ከተረፈው ላይ ደግሞ ላልታሰበ ወጪ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱ። የቀረው ለሻጩ የምትሰጡት ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቀ አመስግናችሁ ውጡ። ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ወደ አለመግዛት ይወስዳችኋል፤ ይሁን። ውሳኔው ግን ከዚያ ሞተር የመጣ ነው፣ ከፍርሃት የመጣ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ አዲስ ሞተር ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ለአሮጌው ሞተር ዋናው ወጪ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ወጣቱ ካቻቢቴና ቁልፍ መያዝ ከተማረ የሥራው ግማሽ በነፃ ነው። ጸሐፊው የጻፉት ሒሳብ ይህንን አላየም።

ዲቲ ካስፈራችሁ መካከለኛ መንገድም አለ። ሆንዳ ሲጂ 125 በፈረንጆች 1976 ነው የወጣው። ጥገና እንዳይበዛበት ታስቦ የተሠራ ፎር ስትሮክ ነው። ቻይናዎች ለዓመታት ሲቀዱት ስለኖሩ ብዙው የሞተር ዕቃው ዛሬም በአዲስ ይሠራል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አሮጌ ሞተር አላውቅም።

«ጭሱ ከተማውን ይበክላል»

ቱ ስትሮክ ከፎር ስትሮክ የበለጠ ይበክላል። ይህን አልክድም። ዘይት ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም በማርሚታው ያመልጣል። ከተማው ሁሉ በዲቲ ይሙላ የሚል ሰው የለም። ግን መንገድ ላይ የምናየው ያ ሰማያዊ ጭስ አብዛኛው የሞተሩ ጠባይ አይደለም። የቸልተኝነት ነው።

የመኪና ሞተር ዘይት ቤንዚን ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ። ያ ዘይት በንጹሕ እንዲቃጠል አልተሠራም። ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የደረጃ ምልክት አለው፤ ጭሱ ያነሰ ነው። ዲቲ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ እየለካ የሚሰጥ ሞተር ነው። ብዙ ባለቤቶች ፓምፑ ስላሠጋቸው ይዘጉትና በእጅ ይቀላቅላሉ። ያኔ መጠኑ በዓይን ግምት ይሆናል። ስለዚህ ስትገዙ ፓምፑ እንዳለና እንደሚሠራ ጠይቁ። ተዘግቶ እያለ ሳታውቁ ንጹሕ ቤንዚን ሞልታችሁ ብትነዱ ፒስተኑ ወዲያው ይነክሳል።

ከፍታውም አለበት። ፋብሪካው የገጠመለት ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካው ቀዳዳ) ለዝቅተኛ አገር የተለካ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያጨሳል፣ ጉልበቱ ያንሳል። ጂግለሩን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብዙ ይለውጣል። ይህን ያደረገ ሰው ግን ወደ መተሐራ ሲወርድ ይጠንቀቅ። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱም አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ጋዙን ይዞ መብረር ሞተር ያስነክሳል። የድሮውን ጂግለር በኪስ ይዞ መውረድና እዚያ መለወጥ ነው።

«የሚገዛው ትዝታ ነው»

ቢሆንስ? እነዚህ ሞተሮች የግብርና ባለሙያውን፣ ክትባት የያዘውን የጤና ሠራተኛ፣ ቆላ ወርዶ የሚያስተምረውን መምህር ተሸክመው መንገድ በሌለበት የሄዱ ናቸው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ያየው የመጀመሪያ ሞተር ይኸው ነው። ያንን ማዳን መፈለግ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ወጣቱም ሌላ ትርፍ አለው። አንድ ሲሊንደር ፈትቶ መልሶ የገጠመ ሰው ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ማንም አያታልለውም። ይህን የማይወድ ሰው አይግዛ። ጸሐፊው ግን መውደድን እንደ ጉድለት አቀረቡት፤ ይህ አሳዝኖኛል።

በአንድ መስመር የታለፈው

አሁን ጽሑፉ ችላ ወዳለው ነገር ልምጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጽፈው ይህንን ነበር። ብረት ሁሉ ይጠገናል። ወረቀት ግን ከጎደለ ሞተሩን አድሳችሁ አድሳችሁ የምትነዱት ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

የሻንሲው ቁጥር መሪው አንገት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ከሲሊንደሩ ሥር፣ ሞተሩ አካል ላይ ነው። ሁለቱንም በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ አካባቢ የመፋቅ ወይም የመሙላት ምልክት ካለ፣ የአንዱ ፊደል ውፍረት ከሌላው ከተለየ፣ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። የሞተሩ ቁጥር ብቻ ከተለየ ሞተር ተቀይሮለት ይሆናል። ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ሻጩ አስመዝግቦ ይምጣ። ያንን ሥራ እናንተ አትቀበሉት።

ዲቲና ሌላው ያማሃ፣ ኤጂ የሚባሉት ሞተሮች በብዛት የገቡት በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት በኩል ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ለግለሰብ ሲተላለፍ የቀረጡ ጉዳይ ማለቅ አለበት። «ድርጅቱ ሲዘጋ ለሠራተኛው ሰጠው» የሚል ታሪክ ስትሰሙ የጉምሩክ ወረቀቱን ጠይቁ። ከመንግሥት በጨረታ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ የአሸናፊነት ደብዳቤው፣ የክፍያ ደረሰኙና የርክክብ ሰነዱ ይኑር። አሁንም የመንግሥት ኮድ 4 ታርጋ ያለበት ሞተር በግለሰብ ግቢ ውስጥ ካያችሁ ጥያቄው ይበልጥ ይጠንክር።

ሁለተኛው ወጥመድ ውክልና ነው። አሮጌ ሞተር ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ስም ማዛወር ይታለፍና በውክልና ብቻ ይሸጣል። ሦስተኛው ገዢ የመጀመሪያውን ባለቤት አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ለሃያ ዓመት ቆሞ የነበረ ሞተር ባለቤት በሕይወት አለ ወይ? ይህን ሳታጣሩ በአሮጌ ውክልና አትግዙ። ቦሎው የተቋረጠበትን ጊዜም ጠይቁ። ያልተከፈለ ነገር ካለ ከመዋዋላችሁ በፊት በሻጩ በኩል ይለቅ።

የፍራንኮው ዲቲ ችግር እዚህ ላይ ነው እንጂ ብረቱ ላይ አይደለም። ሊብሬው አለ። ቁጥሮቹ ይገጥማሉ። ነገር ግን ስሙ የተመዘገበው በአባትየው ነው፤ እሳቸው ዐርፈዋል። የሚሸጡት ልጆቻቸው ናቸው። አንደኛው ወንድም አዳማ የለም። አንዱ ወንድም ፈርሞ ሌላው ሳይስማማ የተሸጠ ሞተር ነገ ፍርድ ቤት ይቆማል። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ። ከዚያ ሁሉም ወራሾች ራሳቸው ወይም በሕጋዊ ውክልና ይፈርሙ። የስም ዝውውሩም ያለማቋረጥ ይለቅ። ለወጣቱም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ሞተሩ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል፣ ኮምፕሬሽን አለው፣ ማጣሪያው በቦታው ነው፤ ከላይ በጻፍኩት ሒሳብ ከተስማሙ ይግዛው። ወራሾቹ ማስረጃውን ይዘው እስኪመጡ ድረስ ግን ቀብድም ቢሆን እንዳይከፍል።